ለርዕሰ መምህርነት ዕጩዎች የሚሰጠው የአክሽን ሪሰርች ሥልጠና፦ ለየትኛው ክፍሉ ይከፈል?

ድሬዳዋ ውስጥ ለምክትል ርዕሰ መምህርነትና ለርዕሰ መምህርነት የሚዘጋጁ መምህራን የሚወስዱት፣ በአራት ቅዳሜና እሁድ የሚያልቅ የተግባራዊ ምርምር (አክሽን ሪሰርች) ሥልጠና አለ፤ ተግባራዊ ምርምር ማለት መምህሩ ወይም መሪው የራሱን ትምህርት ቤት ችግር አጥንቶ፣ ርምጃ ወስዶ ለውጡን የሚለካበት ሥራ ነው። የሰጪውን ስም እንለፈው፤ ተመሳሳይ ሞጁል ይዘው በድሬም በሐረርም የሚያሠለጥኑ ስላሉ እዚህ የሚባለው ለሌላውም ይሆናል። ክፍያው ሞጁሉን፣ ሻይ ቡናውንና የምስክር ወረቀቱን ያካትታል። ሠልጣኙ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ምርምሩን ሲጀምር የሚያማክረው ሰው ግን በክፍያው ውስጥ የለም፤ ዋናው ጉድለትም እሱ ነው።

ፍርዳችንን እናስቀድም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተከፈለባቸው በላይ ይሰጣሉ። ሦስተኛው በግማሽ ልብ የተዘጋጀ ነው። አራተኛው ባይኖር ማንም አይጎዳም።

ሞጁሉ በታሪክ ይጀምራል፤ የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የተግባራዊ ምርምርን ሐሳብ እንዴት እንዳስተዋወቀ፣ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት እንዴት እንደገባ፣ እኛ ዘንድም በ1995 ዓ.ም. ገደማ በመጣው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ የሥልጠና አካል እንደሆነ ይተርካል። አሠልጣኙ ይህን በግማሽ ሰዓት ዘግቶ ወደ ሥራው ይገባል፤ ደግ አደረገ።

ሥራው ችግር መምረጥ ነው። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ የሚያመጡት ዝርዝር የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፦ የተማሪዎች ውጤት ማሽቆልቆል፣ የወላጅ ተሳትፎ ማነስ፣ የመምህራን ተነሣሽነት መውረድ፣ የመጻሕፍት እጥረት። አሠልጣኙ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ ያጠራዋል። መፍትሔው በትምህርት ቤቱ አመራር እጅ ነው ወይስ በትምህርት ቢሮ? በአንድ ሴሚስተር ለውጥ ሊታይበት ይችላል? አሁን ስለ ችግሩ የሚናገር መዝገብ አለ፣ ማለትም የቀሪ መከታተያ፣ ማርክ ሊስት፣ የክፍል ጉብኝት ቅጽ? የመጻሕፍት እጥረት በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የተማሪዎች ውጤት ማሽቆልቆል ደግሞ ስፋቱ ይጥለዋል፤ የየትኛው ክፍል፣ የየትኛው ትምህርት፣ የየትኛው ምዕራፍ ተብሎ ካልጠበበ ምርምር አይሆንም።

ከዚያ ቅደም ተከተል ማውጫው ሠንጠረዥ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ችግር በክብደቱ፣ በአጣዳፊነቱና በእጃችን በመሆኑ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ብዙ ቦታ ነጥቦቹ ይደመራሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ አሠልጣኙም በሰሌዳ ላይ በቁጥር ያሳየዋል። 5፣ 5 እና 1 ያገኘው የመጻሕፍት እጥረት ድምሩ 11 ነው፤ 3፣ 4 እና 4 ያገኘው የክፍለ ጊዜ መባከንም ድምሩ 11 ነው። ሲባዙ ግን አንደኛው 25፣ ሁለተኛው 48 ይሆናል። ማንም በእጁ የሌለውን ችግር አንደኛ አድርጎ ሴሚስተሩን በከንቱ እንዳያሳልፍ ማባዛቱ ይከላከላል። ከሞጁሉ አንድ ገጽ ብቻ ቀድዶ መያዝ ለሚፈልግ ይህን ይያዝ።

የልምምዱ ምሳሌም ጥሩ ተመርጧል፦ ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ዘግይቶ መጀመሩ። ጠዋት 2:00 ትምህርት ተጀምሮ ሦስት ባለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት 4:00 ላይ ያልቃሉ፤ ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ አራተኛው ክፍለ ጊዜ 4:15 ላይ መጀመር አለበት። በየቀኑ 7 ደቂቃ ብቻ ቢባክን በሳምንት 35 ደቂቃ ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ለመሙላት 5 ደቂቃ ይቀረዋል። ችግሩ ትንሽ ይመስላል፣ ሊለካ ይችላል፣ መፍትሔውም የቢሮ ደብዳቤ አይጠብቅም። በትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም አራት ዐበይት ርእሶች ውስጥ ሁለቱን፣ መማር ማስተማሩንና አመራሩን፣ አንድ ላይ ይነካል።

ሁለተኛው ሳምንት የመነሻ መረጃ፣ ማለትም ከርምጃው በፊት ያለውን ሁኔታ የሚያሳየው ቁጥር፣ ነው፤ የሥልጠናው ምርጥ ክፍልም ይኸው ነው። እዚህ ሠልጣኞቹ ቅጹን በእጃቸው ይሠራሉ። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ ክፍል፣ ደወሉ የተደወለበት ደቂቃ፣ መምህሩ የገባበት፣ ትምህርት የተጀመረበት፣ ምክንያት። አራት ክፍሎች ለዐሥር የትምህርት ቀናት ቢታዩ 40 መስመር ይሞላል፤ ለአንድ ዑደት ምርምር፣ ማለትም ከመነሻ ቆጠራ እስከ ርምጃውና ውጤቱ ላለው አንድ ዙር፣ ይበቃል። ቀላል ይመስላል። ግን «ትምህርት የተጀመረበት» ምን ማለት ነው? አንዱ ታዛቢ መምህሩ እግሩ ሲገባ ይጽፋል፣ ሌላው ርእሱ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ። ሁለቱ በአንድ በር ላይ ቆመው ለብቻ ለብቻ ሞልተው እንዲያመሳክሩ ይደረጋል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከተለያዩ ትርጉሙ እንደገና ይጻፋል። ሰዓታቸውንም በትምህርት ቤቱ ደወል ላይ ማስተካከል አለባቸው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ጎረቤት በሮች በላይ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ለአራት ክፍል ሁለት ታዛቢ ያስፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ ራሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ከጻፈ ደግሞ የሚመዘግበው መምህራን እሱን ሲያዩ የሚገቡበትን ሰዓት ነው። ታዛቢው ማንም ይሁን ማን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቁጥር ያማረ ይሆናል፤ ሰው እየታየ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ። እነዚያን ቀናት ከስሌት ውጭ ማድረግ፣ ቅጹ ላይ ግን አለመሰረዝ።

አማካይ ላይም ጥንቃቄ ይሰጣል። የአንድ ሳምንት መዘግየት 4፣ 5፣ 6፣ 5 እና 25 ደቂቃ ቢሆን አማካዩ 9 ነው፤ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ቁጥር ግን 5 ነው። 25ቱ የመጣው በዚያ ቀን ድንገተኛ ስብሰባ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። በ9 ደቂቃ ተነሥቶ «ወደ 5 አወረድኩት» የሚል ሪፖርት ምንም ሳይሠራም ሊጻፍ ይችላል። የምክንያት ዓምዱ የተጨመረው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ባዶ የሚተወውም እሱን ነው።

ናሙና ላይ ሲደረስ ግን አሠልጣኙና ሞጁሉ ይጣላሉ። ሞጁሉ ለማስተርስ ጥናት የሚሆነውን የናሙና ቀመር እንዳለ ገልብጦታል። 52 ተማሪ ባለበት ክፍል ቀመሩ በ5 በመቶ ስሕተት ሲሠራ 46 ይሰጣል። እንግዲህ ስድስት ልጆች በዕጣ ይወጣሉ ማለት ነው፤ ለምን? ክፍሉ አንድ ነው፣ ማርክ ሊስቱ እጅ ላይ ነው፣ 52ቱንም ማየት ምንም አያስከፍልም። ተግባራዊ ምርምር ስለ ሌላ ትምህርት ቤት ለመናገር አይሠራምና እንዲህ ያለው ናሙና አያስፈልገውም። አሠልጣኙ ይህን በግልጽ ይናገራል፤ ሞጁሉ በቀጣዩ እትም ይታረማል ብለን እንጠብቃለን።

ስለ መዝገብ ታማኝነት የሚሰጠው አጭር ክፍልም ጠቃሚ ነው። የቀሪ መከታተያ በየዕለቱ ይሞላል ተብሎ ዓርብ ከሰዓት በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቁጭታ ሊሞላ ይችላል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ቀለሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወጥ ነው፣ ስርዝ ድልዝ የለውም፣ ትምህርት ባልነበረበት ቀን እንኳ «ተገኝቷል» ይላል። እንዲህ ያለውን መዝገብ መነሻ መረጃ ከማድረግ ለሁለት ሳምንት አዲስ መቁጠር ይሻላል።

ሦስተኛው ሳምንት ርምጃው ላይ ነው፤ ሥልጠናው መልፈስፈስ የሚጀምረውም እዚህ ነው። በልምምዱ ላይ የመዘግየቱ ምክንያት ሲፈተሽ የውኃ ሰልፍ ሆኖ ይገኛል። በድሬ ሙቀት ልጅ በዕረፍት ሰዓት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቧንቧ ነው፤ ሁለት ቧንቧ ላለው ግቢ 15 ደቂቃ አይበቃም። ሠልጣኞቹ ሦስት ርምጃ ያቅዳሉ፦ ሌላ ሮቶ በመማሪያ ክፍሎቹ በኩል ማስቀመጥ፣ የማስጠንቀቂያ ደወል በ3 ደቂቃ ማስቀደም፣ ምክትሉ 4:12 ላይ በረንዳው ላይ እንዲገኝ ማድረግ። እስከዚህ ጥሩ። ሦስቱ በአንድ ሰኞ ከተጀመሩ ግን የቱ እንደሠራ አይታወቅም። ሞጁሉ ስለዚህ ምንም አይልም። መሆን የነበረበት እንዲህ ነው፦ ርምጃዎቹ በሁለት ሳምንት ልዩነት አንድ በአንድ ይጀመሩ፣ ቆጠራው ሳይቋረጥ ይቀጥል፣ እያንዳንዱ የጀመረበት ቀን ቅጹ ላይ በቀይ መስመር ይሠመር። ሮቶው ብቻውን መዘግየቱን ከቀነሰው ምክትሉን በየቀኑ በረንዳ ላይ ማቆም አያስፈልግም፤ ያንን ጊዜ ለክፍል ጉብኝት ሊያውለው ይችላል።

ከዚህ የባሰው ለአካባቢው የሚመጥን የቀን መቁጠሪያ አለመኖሩ ነው። መነሻ መረጃው በጥር ተሰብስቦ ርምጃው በሚያዝያ ቢለካ ሙቀቱ ጨምሯል፣ ሰልፉ ረዝሟል፤ የሠራ ርምጃ ያልሠራ ይመስላል። በተቃራኒው ርምጃው ረመዳን ላይ ከዋለ የሚጾሙት ተማሪዎች ቧንቧ ጋ አይሄዱም፣ ከዱካን የሚበላም አይገዙም፤ አራተኛው ክፍለ ጊዜ በራሱ በሰዓቱ ይጀምራል፤ ምስጋናውን ሮቶው ይወስዳል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ዘንድሮ አይሠራም። ዓርብም ከጁምዓ ሶላት የተነሣ ክፍለ ጊዜዎቹ ስለሚሸጋሸጉ ለብቻው ይቆጠር፤ ከሌሎቹ ቀናት ጋር አይደመር። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ ርምጃውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲጀምሩ ማድረግ። ወቅቱ ያመጣው ለውጥ ከሆነ አራቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ርምጃው ያመጣው ከሆነ በየተራ።

ውጤት ላይ የሚሠሩ ሠልጣኞች የሚወድቁበት ሌላ ጉድጓድ አለ፤ ሥልጠናው አልፎት ይሄዳል። ከክፍሉ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ዐሥር ተማሪዎች ተመርጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ በሚቀጥለው ፈተና ከፍ ይላሉ። ግን ከዐሥሩ አንዳንዶቹ የመጀመሪያው ፈተና ዕለት ታመው ወይም ደንግጠው ነው የወደቁት፤ ምንም ባይደረግላቸውም ወደ ወትሮ ውጤታቸው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹን በአንድ ፈተና ሳይሆን ቢያንስ በሁለት መለየት ያስፈልጋል። ከ10 የታረመ አጭር ፈተናን ከ30 ከታረመ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና ጋር በመቶኛ ለውጦ ማወዳደርም ያው ነው፤ የጥያቄዎቹ ክብደት ካልተመጣጠነ መቶኛው ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታችን። የሞጁሉ ምሳሌዎች ከዕረፍቱ ልምምድ በስተቀር ሁሉም የክፍል መምህር ምሳሌዎች ናቸው፦ የቤት ሥራ አለመሥራት፣ የ3ኛ ክፍል ንባብ፣ የቡድን ሥራ። መምህር በክፍሉ የሚሠራውና የትምህርት ቤት መሪ የሚሠራው ግን አንድ አይደለም። መሪው መረጃ የሚሰበስበው የሥራ አፈጻጸማቸውን ከሚሞላላቸው ሰዎች ነው። «ርዕሰ መምህሩ ከክፍል ጉብኝት በኋላ ጠቃሚ አስተያየት ይሰጠኛል» የሚል መጠይቅ በምክትሉ እጅ ቢታደልና በምክትሉ እጅ ቢሰበሰብ ከ«በጣም እስማማለሁ» ሌላ ምን ይመጣል? ያንን በኮምፒውተር አስልቶ አማካዩ 4.6 ነው ማለት የመምህራኑን ጥንቃቄ መለካት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዘዴ ሰፊ አይደለም፤ አንድ ጠዋት ይበቃው ነበር። መጠይቁን ከጉድኝት ማዕከሉ (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ከተሰባሰቡበት) የሌላ ትምህርት ቤት ባልደረባ ያድለው፤ ምልክት ማድረግ ብቻ እንጂ የእጅ ጽሑፍ አይኑረው፤ በተቆለፈ ሣጥን ይሰብሰብ። ከላይ ያለው የግል መረጃ ክፍልም ይታይ፤ ጾታ፣ የትምህርት ክፍልና የአገልግሎት ዘመን አንድ ላይ ከተጠየቁ በፊዚክስ ክፍል ያለችው ብቸኛዋ ሴት መምህር ስሟን ጻፈች ማለት ነው። ከመጠይቁ ይልቅ ሰነድ ይሻላል፤ የጉብኝት ቅጾቹን አውጥቶ ከጉብኝቱ እስከ ውይይቱ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ የተሰጠው አስተያየት «በርቺ» ነው ወይስ ነገ ክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው ብሎ መቁጠር። ይህ ማንንም አያስፈራም፤ የሚመረመረው የመሪው የራሱ ጽሑፍ ነውና።

ጥያቄውም መገልበጥ አለበት። «መምህራን ለምን ወደ ክፍል ዘግይተው ይገባሉ?» የተቆጣጣሪ ጥያቄ ነው። «የደወሉንና የዕረፍቱን አሠራር ብለውጥ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት ይጀምራል?» የመሪ ጥያቄ ነው። ሠልጣኞቹ በሦስተኛው ሳምንት ያቀረቧቸው ርእሶች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ፤ አሠልጣኙም አላረማቸውም። የሚገርመው፣ በመጀመሪያው ሳምንት «በእጃችን ነው ወይ?» እያለ ሲያጠራ የነበረው እሱው ነው።

ቋንቋ ሌላው የተረሳ ነገር ነው። በድሬ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ሐረር ውስጥም ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አሉ። ሞጁሉ የሚሰጠው የወላጅ መጠይቅ ግን በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ወላጁ ግቢ በር ላይ ቆሞ ጥበቃው እያስተረጎመለት የሚመልሰው መልስ የጥበቃው መልስ ነው። ከመጠይቅ ይልቅ አምስት ያህል ጥያቄ ብቻ ያለው ቃለ መጠይቅ በወላጁ ቋንቋ ማድረግ፣ አስቀድሞም በሦስት ወላጆች መሞከር፣ የተተረጎመውን ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ እንዲመልሰው ማድረግ ይሻላል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ፈርም ሲባል ስለሚጠራጠር ፈቃዱን በምስክር ፊት በቃል መውሰድ ይበቃል።

አራተኛው ሳምንት የሪፖርት አጻጻፍ ነው። አምስት ምዕራፍ፣ ምስጋና፣ አጽሕሮተ ጽሑፍ፣ የቃላት መፍቻ፣ ሁሉም እንደ መመረቂያ ጽሑፍ። አንድ ሙሉ ጠዋት በኅዳግ ስፋትና በፊደል መጠን ያልፋል። ለአንድ ዑደት ተግባራዊ ምርምር ከ8 እስከ 12 ገጽ ይበቃል፦ ችግሩና ማስረጃው፣ ምክንያቱ እንዴት እንደተለየ፣ ርምጃውና ቀናቱ፣ ከርምጃው በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር በአንድ ግራፍ፣ ያልሠራው ነገር፣ የሚቀጥለው ዑደት። «ያልሠራው» የሚለው በሞጁሉ ፎርማት ውስጥ ቦታ የለውም። ፎርማቱ እንዲህ በመወፈሩ ምክንያት ነው ሠልጣኞች ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄደው የሌላ ሰው ሥራ የትምህርት ቤት ስም እየተቀየረ የሚያስጠርዙት። የተገለበጠውን ለመለየት ግን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስለ ድሬዳዋ ትምህርት ቤት እያወራ መሐል ላይ «የዞኑ ትምህርት መምሪያ» ይላል፤ ድሬዳዋም ሐረሪም ዞን የላቸውም።

ስለ አገልግሎቱ ጥቂት። ትምህርቱ ጠዋት 2:30 ይጀምራል፤ እስከ 6:30 ያለው ጥሩ ነው። ከምሳ በኋላ ያለው ክፍል፣ ማራገቢያው ቢዞርም ባይዞርም፣ በዚያ ሙቀት ማንም ልብ ብሎ አይከታተለውም፤ የቡድን ሥራውን ወደ ጠዋት አምጥተው ከሰዓቱን ቢተዉት ይሻላል። ከሐረር የሚመጡ ሠልጣኞች የደንገጎን ዳገት ሳይመሽባቸው ለመውጣት 10 ሰዓት ላይ ስለሚነሡ የመጨረሻውን ክፍል አያገኙትም። ሰነዶቹ በቴሌግራም ይላካሉ፤ ቅጾቹ በስልክ ሲከፈቱ ሠንጠረዡ ስለሚበታተን በወረቀት መውሰድ ያዋጣል። ሰዓቱ በዓመቱ ከሚጠበቀው 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲቆጠር የሚፈልግ የየቀኑን የመገኛ ፊርማ ቅጂ ይጠይቅ፤ ካልጠየቁ አይሰጥም።

መመዝገቢያው ጥሩ ጊዜ ኅዳር ነው። በታኅሣሥ ችግሩ ይጠብባል፣ ቅጹ ይሞከራል፣ ሁለተኛው ሴሚስተር እንደተጀመረ ቆጠራው ይጀምራል፤ ስምንት ወይም ዐሥር ሳምንት ይገኛል። መጋቢት ላይ የተመዘገበ ሰው ርምጃው ሳይደርስ ፈተና ይደርስበታል። ሲመጡ ያለፈውን ሴሚስተር የቀሪ መከታተያ፣ የሁለት ክፍል ማርክ ሊስትና አምስት የተሞሉ የጉብኝት ቅጾችን ቅጂ፣ የተማሪዎችና የመምህራን ስም ተሸፍኖ፣ መያዝ ይገባል፤ በእጁ መረጃ የሌለው ሠልጣኝ የሌሎቹን ሲያይ ነው የሚውለው።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የሰበሰብኩትን የመነሻ መረጃ አሠልጣኙ ያይልኛል ወይ? «አዎ» ካሉ አራቱንም ሳምንት ይውሰዱ። «ፎርማቱን እንልክልዎታለን» ካሉ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻ በግማሽ ክፍያ መማር ይፈቀዳል፤ የምስክር ወረቀት አይሰጡበትም።